መኪናው ታጥቦ ለምን ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ያለው ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። እሑድ ጠዋት ላቫጆ ይገባል። መኪናው በአረፋ ይሸፈናል፣ ይፈተጋል፣ በውሃ ይለቀለቃል። ባለቤቱ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ጸሐይዋ ሥራዋን ጨርሳ ትጠብቀዋለች። ኮፈኑ ላይ ነጫጭ ክቦች ተደርድረዋል። መኪናው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ ከሩቅ ይለያሉ። ነጭ ከሆነ ዓይን አያያቸውም፤ እጅ ግን ሲዳስስ ሻካራነታቸውን ያገኘዋል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አጣቢው ላይ ነው። «በደንብ አላጠብከውም» ይባላል። ልጁም «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ እንደገና ውሃ ያፈስበታል። እንደገና ጸሐይ ላይ ይደርቃል። ነጠብጣቡም ይብሳል። ልጁም ባለቤቱም ቆሻሻ እያሳደዱ ነው፤ ቆሻሻው ግን የለም። ነጠብጣቡ የመጣው ከዚያው ከሚያጥቡበት ንጹሕ ውሃ ነው። የሚፈጠረውም እጥበቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ይህን ሰው ቢረዳልኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ገንዘባችንና ጉልበታችን ሁሉ የሚሄደው ለማጠቡ ነው። ማድረቁን ለጸሐይ እንተወዋለን።

ጥርት ያለው ውሃ ውስጥ ምን አለ?

ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በዚህም ትንሽ አሲድነት ያገኛል። ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟና ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎች ማዕድናት ይዞ ይጓዛል። ባሕር ዳር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል መውጫውን የገደበውና ሐይቁ እንዲተኛ ያደረገውም ይኸው ፈሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው። ከተማዋ ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ የምታገኘው ውሃ በዚህ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያለፈ ነው። እንዲህ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባይካርቦኔት ይይዛል። ሲሊካም አለበት። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ነው። ይህችን ሲሊካ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ታስቸግረናለች።

እነዚህ ነገሮች ለሚጠጣው ሰው ችግር አይደሉም። ካልሲየምና ማግኒዥየም እንዲያውም ሰውነታችን ይፈልጋቸዋል። መኪና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። ማዕድኑ ባለበት ይቀራል። ካልሲየም ባይካርቦኔት በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ነው። ውሃው ሲደርቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ይኸውም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ነው። ይህ ደግሞ በተራ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ነጠብጣቡን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው የውሃ ማፍያችሁ ታች ነጭ ቅርፊት ካበጀ ውሃችሁ ካልሲየም እንዳለበት ያለ ምንም መሣሪያ አወቃችሁ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የውሃ ጥጥርነት የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ለስላሳ ውሃ ይባላል። ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠጣር፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠጣር ነው። አሁን በሊትር 200 ሚሊግራም ልዩ ልዩ ማዕድን የሟሟበት ውሃ አለን እንበል። ከእጥበት በኋላ ግማሽ ሊትር ያህሉ መኪናው ላይ ቀረ እንበል። ሲደርቅ 100 ሚሊግራም ዱቄት ቀለሙ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ተሰብስቦ ቢታይ በጣት የማይቆነጠር ነው። ብዙ ጠብታ ላይ ሲከፋፈል ግን መኪናውን ሙሉ ይታያል።

ለምን ክብ ይሆናል? ረከቦት ላይ የፈሰሰች የቡና ጠብታ ስትደርቅ አይታችኋል። መሐሏ ፈዘዝ፣ ዳሯ ጠቆር ያለ ቀለበት ትተዋለች። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አስረድተዋል። የጠብታዋ ጠርዝ ከተቀመጠችበት ገጽ ጋር ተጣብቆ አይንቀሳቀስም፤ ቶሎ የሚተነውም ከጠርዟ ነው። የተነነውን ለመተካት ከመሐል ወደ ዳር ውሃ ይፈሳል፣ የያዘውንም ሁሉ እየገፋ ዳር ላይ ያከማቸዋል። መኪና ላይ ያለውም ክብ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቀለበቱ ወፍራም ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚለቀውም እሱ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው መቼ ነው?

አዲስ ነጠብጣብ ከላይ የተቀመጠ ዱቄት ብቻ ነው። ቀለሙን አልነካም። ችግሩ ሲቆይ ነው። ሌሊት ጤዛ ያርሰዋል፣ ቀን ጸሐይ ያደርቀዋል። በእያንዳንዱ ዙር ማዕድኑ በትንሽ ውሃ ውስጥ ተጠናክሮ ቀለሙ ላይ ይቀመጣል። ኬሚካሉና ሙቀቱ አብረው ሲሠሩ ላይኛውን ሽፋን ይበላሉ። መጨረሻ ላይ ዱቄቱን ብታነሡት እንኳ ሥሩ ጎድጉዶ ይገኛል።

ያ ላይኛው ሽፋን ምን ያህል ስስ እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። የዛሬ መኪኖች ከቀለማቸው በላይ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን አላቸው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ያህል ነው። ቀለሙን ከጸሐይ ጨረር የሚጠብቀው ይህ ከጸጉር የቀጠነ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምነውን አንድ ነገር ላንሣ። «ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ሆና ጸሐይን ሰብስባ ቀለሙን አቃጠለችው» ይባላል። ይህ አይደለም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተቀመጠች ጠብታ ብርሃኑን የምትሰበስብበት ነጥብ ከቀለሙ በታች፣ ላሜራው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ብርሃኑ ቀለሙ ላይ ሲደርስ ገና አልተሰበሰበም። ጸሐይ ጥፋቷ ሌላ ነው፦ ውሃውን ቶሎ ማድረቋና ላሜራውን ማጋሏ። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ማጉያ መነጽር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጥላ ውስጥ ከሆነ ጠብታውን ትቶት ይሄዳልና። ጥላ ውስጥም የደረቀ ጠብታ ማዕድኑን ይተዋል።

ባሕር ዳር ላይ ጠብታ ቶሎ ይደርቃል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ ይህም ትነትን ያግዛል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማዩ ባብዛኛው ክፍት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጸሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ሊግል ይችላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ ለእኛ ምቾት ነው፤ ለታጠበ መኪና ግን ማድረቂያ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የሚታጠብ መኪና አንዱ ጎኑ ሲለቀለቅ ሌላው ደርቆ ይጠብቃል።

ውሃችሁን ፈትኑት

አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ልጆች ካሉ አብራችሁ ሥሩት። ንጹሕ የመስታወት ቁራጭ ወይም አሮጌ መስታወት ውሰዱ። ከምታገኙት ውሃ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ በመደዳ ጣሉበት፦ ከቧንቧ፣ ከሮቶ፣ ከጉድጓድ፣ ከዝናብ፣ ከሃይላንድ። ጸሐይ ላይ አድርቁት። የሚቀረውን ነጭ ነገር አወዳድሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣሉ። ጥቃቅን አረፋ አውጥቶ የጠፋው የካልሲየም ነው። አቼቶው ነክቶት ባለበት የቀረው ሲሊካ ወይም ሌላ ነገር ነው። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ መስታወቱን አስቀድማችሁ አጽዱት።

የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውሃ የቱቦ ዝገትና ደለል አለበት። እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ያዙትና አትክልት አጠጡበት። ሮቶ ታችኛው ክፍል ላይ ደለል ይተኛል፤ ታንከሩ ሊያልቅ ሲል የሚወርደው ውሃ ለመኪና አይሆንም።

የጣና ውሃ የተለየ ነው። ሐይቁ የሟሟ ማዕድኑ ብዙ አይደለም፤ ጨዋማ ካልሆኑት ሐይቆች ነው። ነገር ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡት አፈር ውስጡ ተንሳፍፎ ይኖራል። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ስለሆነ ነፋስም ታቹን ያደፈርሰዋል። ያ ደቃቅ አፈር ሲደርቅ ቡናማ ክብ ይተዋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በጨርቅ ስትፈትጉት ቀለሙን መጫሩ ነው።

የታሸገ ውሃ ሁሉ ማዕድን የለውም ማለት አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አምቦ ውሃማ ማዕድኑ እጅግ የበዛ ስለሆነ መኪና አጠገብ አታድርሱት። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ማዕድን የለውም፤ ለትንሽ ሥራ ጥሩ ነው። ሲገዙ ግን ልብ ይበሉ፦ የባትሪ ውሃ ሌላ፣ የባትሪ አሲድ ሌላ። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቀለምንም ቆዳንም ያቃጥላል።

ከሁሉም የሚበልጠውና ነጻ የሆነው የዝናብ ውሃ ነው። ዝናብ መሬት ስላልነካ ካልሲየምም ሲሊካም የለበትም ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 10 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር መጣ ማለት ነው፤ ይህ 10 ጀሪካን ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አትያዙት። ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ነው የሚወርደው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ አሸንዳው ላይ ነጠላ ጨርቅ አስራችሁ ያዙት። በጀሪካን ዘግታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሐምሌና ነሐሴ የተያዘ ውሃ እስከ ኅዳር ያገለግላል። መኪናውን ሙሉ በዝናብ ውሃ ማጠብ አያስፈልግም። ለመጨረሻው መለቅለቂያ 10 ሊትር ይበቃል፤ በአትክልት ማጠጫ ከላይ ወደ ታች ማፍሰስ ነው።

እንዳይወጣ ማድረግ

ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ። መኪናው ከመንገድ ሲገባ ኮፈኑ ግሎ ነው የሚመጣው፤ እጃችሁን አሳርፋችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ጥላ ከተገኘ አሪፍ ነው። የዋርካ ጥላ ግን ተጠንቀቁ፤ ወፍ አለበት።

መጀመሪያ አቧራውን በውሃ አውርዱ። ከዚያ ከጣሪያው ጀምሮ በክፍል በክፍል እጠቡ። አንዱን ክፍል አጥባችሁ ለቅልቁት፣ ወደ ሌላው እለፉ። የታጠበው ክፍል ሌላውን እስክትጨርሱ እንዳይደርቅ በየመሐሉ ውሃ ጣል አድርጉበት። አረፋ መኪና ላይ ደርቆ ከቀረ ከውሃው የባሰ ጣጣ ነው።

ሳሙናውስ? የልብስ ደረቅ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ያም ራሱ ነጠብጣብ ነው። ኦሞ ደግሞ ቅባት ሊያነሣ የተሠራ ስለሆነ መኪናው ላይ ያለውን ሰም ጠራርጎ ይወስደዋል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሻምፑ ቢገኝ የተሻለ ነው፤ ትንሽ ነው የሚፈልገው።

አሁን ዋናው ነገር። ስትጨርሱ የውሃ ማጠጫ ጎማውን አፍ አውልቁት። በጣት ዘግቶ መርጨት መኪናውን በትንንሽ ጠብታ ይሞላዋል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ደግሞ የነገ ነጠብጣብ ናት። ውሃው ሳይበተን፣ በዝግታ፣ ከጣሪያው ጫፍ ጀምሮ እንዲፈስ አድርጉ። ውሃ እርስ በርሱ ይሳሳባል። የሚፈሰው ውሃ ጠብታዎቹን እየሰበሰበ ይዟቸው ይወርዳል። በዚህ ብቻ አብዛኛው ውሃ ይሄዳል። የዝናብ ውሃ ካላችሁ እዚህ ላይ ነው የምታፈሱት።

ወዲያው ማድረቅ ነው። ማይክሮፋይበር ፎጣ ትልቅ የሆነውን ያዙ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ብዙውን ውሃ ይጠጣል፣ ሁለተኛው የቀረውን እርጥበት ይወስዳል። ፎጣውን ኮፈኑ ላይ ዘርግታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። መፈተግ የለም፤ ፎጣው ራሱ ይጠጣዋል። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ ከዚያ በሮች፤ ታችኛው ክፍልና ቸርኬ በሌላ ጨርቅ። መሬት የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ መኪናው ላይ አይመለስም። አሸዋ ይዟልና።

የሚረሳ ቦታ አለ። ስፖኪዮ ውስጥ፣ በበር እጀታ ሥር፣ በታርጋ ጀርባ፣ በነዳጅ ክዳን ዙሪያ ውሃ ይደበቃል። ከጨረሳችሁ በኋላ ትንሽ ስትነዱ ይንጠባጠባል፤ ያ የፈሰሰው መስመርም እንደ ነጠብጣቡ ደርቆ ይቀራል። ዞር ዞር ብላችሁ ተመለሱና እንደገና ጠራርጉት።

ሰም መቀባት ይረዳል፤ ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። ሰም ነጠብጣብ እንዳይወጣ አያደርግም። የተቀባ መኪና ላይ ውሃው እንዲያውም ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ይቆማል፤ ካልተጠረገ ክቡ ጎልቶ ይወጣል። ጥቅሙ ማዕድኑ ቀለሙን ትቶ ሰሙ ላይ መቀመጡ ነው። ስለዚህ በቀላሉ ይለቃል። በተለይ መኪናው በረንዳ በሌለበት ግቢ የሚያድር ከሆነ ሰም መቀባት ዋጋ አለው።

ላቫጆ ወስዳችሁ የምታሳጥቡ ከሆነ ደግሞ ልጁን ቀድማችሁ አነጋግሩት። «ወንድሜ፣ ጥላ ውስጥ አስገባልኝ፤ ስትጨርስ ጎማውን ሳትዘጋ አፍስበት፤ ፎጣ እኔ ጋ አለ» በሉት። «ጋሼ ችግር የለም፣ ጸሐይዋ ራሷ ታደርቀዋለች» ካላችሁ ምክንያቱን ንገሩት። አጣቢዎቹ ሥራቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው፤ ምክንያቱን የገባው ልጅ ለቀጣዩም ደንበኛ እንደዚያው ያደርጋል። ለማድረቂያው ጊዜ ትንሽ ጉርሻ መጨመርም ተገቢ ነው፤ ተጨማሪ ሥራ ነው የምትጠይቁት።

የወጣውን ማንሣት

ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ ሂዱ። መኪናው ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን።

የዛሬ ወይም የትናንት ነጠብጣብ ከሆነ በባትሪ ውሃ ወይም በዝናብ ውሃ የራሰ ማይክሮፋይበር ጥቂት ጊዜ አሳርፉበትና ጥረጉት። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካልለቀቀ አሲድ ያስፈልገዋል፤ ለስላሳ አሲድ። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ ባብዛኛው 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ ነው። ጠርሙሱ ላይ አረጋግጡ፤ ከዚያ የጠነከረ እንዳይሆን። እኩል መጠን የተጣራ ውሃ ጨምሩበት። ጨርቅ ነክራችሁ ነጠብጣቡ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ወደሚሟሟ ጨው ይለውጠዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እንዲደርቅ ግን አትተዉት። በብዙ ውሃ ለቅልቁት፣ በሻምፑ እጠቡት፣ አድርቁት። አቼቶ ሰሙንም ስለሚያዳክመው ቦታውን እንደገና ሰም ቀቡት። ኒኬል በተቀባ ወይም ባዶ አሉሚኒየም በሆነ ነገር ላይ አታቆዩት። ሎሚም ይሠራል፤ ሲትሪክ አሲድ አለው። ግን ስኳሩና ጭማቂው ስለሚጣበቅ በደንብ መለቅለቅ ይፈልጋል።

የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ የባትሪ አሲድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ብርጭቆ ወረቀት፦ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀለሙን ያበላሻሉ፣ ሌሎቹ ይጭሩታል። ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ መወልወልም መፍትሔ አይደለም። ቅባቱ ነጠብጣቡን ለጊዜው ይደብቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ይጠብቃችኋል።

አቼቶ ሞክራችሁ ነጠብጣቡ ፈዘዝ ብሎ ጥቂቱ ከቀረ ሲሊካዋ መጣች ማለት ነው። ሲሊካ ለአቼቶም ለሎሚም አትበገርም። በጥቁር ድንጋይ አገር ስለምንኖር ይህ ያጋጥመናል። ያኔ መኪና ማስዋቢያ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ክሌይ የሚባል ተለጣጭ ማጽጃ አለ። ቀለሙን በሻምፑ ውሃ በደንብ አርሳችሁ፣ ሳትጫኑ ታሻሹታላችሁ። የተጣበቀውን ነገር ይዞ ይነሣል። ደረቅ ላይ ከተሠራ ይጭራል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ክቡ አሁንም ከታየ ዱቄቱ ሄዷል፣ የቀረው ጉድጓዱ ነው። በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፤ ከፍ ያለ ነገር ከሌለና ብርሃን ላይ ብቻ ክብ ከታየ ሽፋኑ ተበልቷል። መፍትሔው ፖሊሽ ነው። ፖሊሽ ማለት ዙሪያውን ያለውን ሽፋን ወደ ጉድጓዱ ደረጃ ማውረድ ነው። ያ 40 ወይም 50 ማይክሮን የምንለው ሽፋን በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ስለዚህ በየወሩ «ፖሊሽ እናድርግልህ» የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉት። አንዴ አስደርጎ ከዚያ በፎጣ መጠበቅ ይሻላል። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ በከፊል መተዉ ሽፋኑን ጨርሶ ከማሳጣት የተሻለ ነው።

መስታወቱ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ የማየትና ያለማየት ጉዳይ ነውና። የፊት መስታወት ላይ ያለ ነጠብጣብ ማታ ከፊት የሚመጣውን መብራት ይበትነዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ በሌሊት የሚነዳ ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። መስታወት ራሱ ሲሊካ ስለሆነ ከውሃው የመጣችው ሲሊካ አጥብቃ ትይዘዋለች። መጀመሪያ አቼቶውን ሞክሩ። ካልሆነ መስታወቱን በሳሙና ውሃ አርሳችሁ አዲስ ምላጭ አጋድማችሁ ብትገፉ የተጋገረው ይነሣል፤ ይህ መስታወት ላይ ብቻ ነው፣ ላሜራ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። ከዚያ በላይ የሆነውን ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል የመስታወት ማለስለሻ ዱቄት በውሃ ለውሶ፣ እርጥብ አድርጎ እየጠበቁ በማሻሸት ያነሡታል። ልምድ ባለው ሰው ቢሠራ ይመረጣል፤ አንድ ቦታ ላይ በዝቶ ከተሻሸ መስታወቱ ነገሩን አጣሞ ያሳያል። የመስታወት መጥረጊያውን ላስቲክ አብራችሁ አጽዱት፤ ያጠራቀመውን ዱቄት መልሶ ያሻሽበታልና።

ሐይቁ ዳር ስለ ማጠብ

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጣና ዳር መኪናና ባጃጅ አቁሞ ማጠብ የተለመደ ነው። ውሃው ነጻ ነው፣ ቅርብ ነው። ለመኪናው ግን ከላይ እንዳልኩት ደለሉ ቀለሙን ይጭረዋል። ለሐይቁ ደግሞ የሚገባው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ ሥር የታጠበው ዘይትና ግራሶም አብሮ ይሄዳል። በአንዳንድ የማጠቢያ ዱቄቶች ውስጥ ያለው ፎስፌት ለውሃ ተክል ማዳበሪያ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም ስንት እንደተቸገሩ የምናውቀው ነው። ለእምቦጭ ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ደንገሉ ሥር ዓሣ ይራባል፤ ታንኳ የሚሠራው ከዚያው ደንገል ነው።

ቤታችሁ ማጠብ ከፈለጋችሁ ጎማ ክፍት ትታችሁ አታጥቡ። ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ሻምፑ ያለበት፣ ሌላው ስፖንጁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ። መኪናውን ጠጠር ወይም ሣር ባለበት ቦታ አቁሙት፤ ውሃው ወደ መንገድ ዳር ቦይ ሳይወርድ መሬቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ አፈሩ ሳሙናውን ይይዘዋል። ከሞተር ሥር ያለውን ዘይትና ግራሶ ግን ግቢ ውስጥ አታጥቡ፤ የዘይት ማጣሪያ ጉድጓድ ያለው ላቫጆ ፈልጉለት። ሲገቡ መጠየቅ ነው፦ «የምታጥቡበት ውሃ የት ነው የሚሄደው?»